ወንበሯ በባህር ትሂድ

ዓሊዩ ጫት ይነዳ በነበረበት ዘመን አይሱዙው ከጥላው ቀድሞ ይደርስ ነበር። ይህን የሚለው እሱ አይደለም፤ ቺሮ ከተማ ሙሉ የሚለው ነው። ጠዋት ከጫት ተራ ይነሳል፤ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ገብቶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ ጥላው እያለከለከ በሩ ላይ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ቁልቢ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ሊያስቆመው እጁን አነሳ፤ እጁን እስኪያወርድ ዓሊዩ ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ፖሊሱ ሁለት መኪና መሰለውና ሁለቱንም ከሰሳቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነዳ። ጫት ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ መሞት የሚጀምር ነገር ነው። በኮባ ቢጠቀለል፣ ውሃ ቢረጭበት፣ በቃጫ ቢታሰር፣ ሞቱን ታዘገየዋለህ እንጂ አታስቀረውም። ስለዚህ በቺሮ ስለ ጭነት ያለው ትምህርት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይጠወልጋል ወይስ አይጠወልግም? የሚጠወልግ በአየር ይሄዳል። የማይጠወልግ እንደ ፍጥርጥሩ።

አሁን መንዳት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ዑሙልኸይር ከሞተች ሦስት። አንድ ልጁ ነጅዋ ነርስ ሆና ኒውዚላንድ ከሄደች ስድስት። ኒውዚላንድ ማለት፣ ዓሊዩ ለሰው ሲያስረዳ፣ መንገዱ ሲያልቅ ሌላ መንገድ ተበድረህ የምትሄድበት አገር ነው። ነጅዋ የምትደውለው ለሁለቱ ኢድ ነው። በመሃል እሱ ሲደውል «አባ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ትለዋለች። «እደውላለሁ» ኒውዚላንድ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ዓሊዩ አያውቅም፤ ቺሮ ውስጥ ግን ስልኩን በእጅ ይዞ መዋል ማለት ነው። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ ይዞት ይገባል።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን፣ ኢድም ሳይሆን፣ ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ አርግዣለሁ። አራት ወር ነው የቀረኝ።»

«አልሃምዱሊላህ። ኢንተላ ኮ» አለ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል።

«አንድ ነገር ልለምንህ። የእማዬን ወንበር ላክልኝ። ስወልድ እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማጠባው።»

ወንበሯ የሚኤሶ አናጺ የሠራት የግራር እንጨት ወንበር ናት። ዑሙልኸይር ነጅዋን ያጠባችው እሷ ላይ ነው፤ ልብስ የሰፋችውም፣ ባሏን የጠበቀችውም እሷ ላይ ነው። ብዙ ከመቀመጧ የተነሳ የወንበሯ እግሮች ሲሚንቶውን ቆፍረው አራት ትናንሽ ጉድጓድ ሠርተዋል። አንድ ጠባይ ደግሞ አለባት። ሰው ሲቀመጥባት «ሲጥ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ፣ ሰውዬው ወደ ኋላ ሲደገፍ፣ «ጥጥ»። ዓሊዩ በኮላ ሞከረ፣ በሚስማር ሞከረ፣ አንዴም የአይሱዙውን ግራሶ ቀባት። ወንበሯ ለሁለት ቀን ዝም አለችና በሦስተኛው ቀን ሲጥ፣ ጥጥ።

«ተዋት» አለችው ዑሙልኸይር። «አንተ በሌለህበት የምታናግረኝ እሷ ናት።»

ያን ጊዜ ስቆ ወጥቶ ነበር፤ ጫቱ ይጠወልግበታላ። አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንዳንድ ጊዜ ለመቀመጥ ሳይሆን ድምጿን ለመስማት ብቻ ይቀመጥባታል። ከዚያ ተነስቶ መልሶ ይቀመጣል። እንዲህ እያሉ የሚጫወቱት እሱና ወንበሯ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

*

ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ትራንዚተር በቺሮ ፍፁም ይባላል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ለደንበኛ ብሎ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ፣ አራተኛው ላይ እሱ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል። ዓሊዩ ሲገባ ከመደሰቱ የተነሳ በየትኛው ወንበር እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው።

«ሁለት መንገድ አለ አባ ዓሊዩ» አለ ሜትሩን አንስቶ። «በአየር ከሆነ በሳምንት ትደርሳለች። በባህር ከሆነ ሦስት ወር፣ አራት ወርም ሊሆን ይችላል። ወንበሯ ስንት ኪሎ ናት?»

«ዘጠኝ።»

ፍፁም ልኳን ጠይቆ፣ ስልኩ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ «በአየር ሠላሳ ሰባት ኪሎ ነው የምትባለው» አለ።

«ሌላው ከየት መጣ? በመንገድ ላይ ትበላለች እንዴ?»

«ባዶው ነው። በእግሮቿ መሃል ያለው፣ ከመቀመጫዋ በላይ ያለው። አውሮፕላን ውስጥ ቦታ ይይዛላ። ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ነገር ሲመጣ ኪሎውን ትተው ቦታውን ነው የሚያስከፍሉት።»

«ሰው ያልተቀመጠበትን?»

«ሰው ያልተቀመጠበትን።»

ዓሊዩ ሰው የሌለበት ቦታ እንደሚከብድ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቀዋል። በሚዛን የሚመዝን መሥሪያ ቤት መኖሩን ነበር ያላወቀው።

«እግሮቿን ፈትተን ጠፍጠፍ ካደረግናት ግን» አለ ፍፁም፣ «በአየርም ትቀልላለች። አራት ሚስማር ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ይመቷታል።»

«አትፈታም።»

«ለምን?»

«አትፈታም አልኩህ። ከተፈታች አትናገርም።»

ፍፁም ሽማግሌው ምን እንደሚል አልገባውም፤ ግን ደንበኛ ነውና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያውስ በባህር ይሻላል። ከዚህ በመኪና በሚኤሶ አድርጋ ጅቡቲ ትወርዳለች። ለብቻዋ መርከብ አይይዙላትም፤ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ኮንቴይነር እስኪሞላ ትጠብቃለች። ከዚያ መሃል ላይ ሌላ ወደብ አውርደው በሌላ መርከብ ይጭኗታል። ጉዳቱ እርጥበት ነው፣ መዘግየት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ባህሩም እንደ መንገዱ ሰላሙ አይታወቅም። የሚቸኩሉ ከሆነ አየር፤ የማይቸኩሉ ከሆነ ባህር።»

ዓሊዩን «የሚቸኩሉ ከሆነ» ብሎ የጠየቀው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ላስብበት ብሎ ወጣ።

ጫት ተራ ላይ ጓደኛውን አብዱናስርን በጫት ነዶ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ነገሩን ነገረው።

«ይጠወልጋል?» አለ አብዱናስር።

«ወንበር እኮ ነው የምልህ።»

«የሚጠወልግ ወንበር አይቼ አላውቅም። በባህር ላካት።» ከዚያ ጉንጩን ይዞ ሳቀ። «ግን አንተ በባህር? ዓሊዩ? አንተማ ወንበሯን ተሸክመህ ብትሮጥ መርከቡን ወደቡ ላይ ቆመህ ትቀበለዋለህ።»

«እርጅና ነው በል።»

«እርጅና አይደለም። የሆነ ነገር አለህ። ፊትህ ላይ ዕቃ ደብቆ ኬላ ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው ይታየኛል።»

አብዱናስር ልክ ነበር፤ ነገር ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓሊዩ ለነጅዋ የእናቷን ሻሽ በአየር ልኮላት ነበር። ሻሿ ስድስት ቀን ፈጀች። በእነዚያ ስድስት ቀኖች ነጅዋ አራት ጊዜ ደወለች። «አባ ተነሳች? አባ አዲስ አበባ ደረሰች? አባ ዱባይ ናት ይላሉ።» አራት ጊዜ በስድስት ቀን። በሰባተኛው ቀን «ደርሳለች አባ፣ ጀዛከላህ» አለችና ስልኩ እስከ ኢድ ድረስ አንድ ጊዜ አልጮኸም።

ዓሊዩ ትምህርቱ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያም ቢሆን አራተኛን የጨረሰው መምህሩ ስለታመሙ ነው። ይህን ለመገመት ግን ክፍል አያስፈልግም። በአየር ማለት አንድ ሳምንት ነው። በባህር ማለት አራት ወር ነው። ዕቃ መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ልጅ ትደውላለች።

በማግስቱ ወንበሯን ይዞ ፍፁም ዘንድ ገባ። ፍፁም ሲያያት አፉን በእጁ ያዘ። ወንበሯ ከእግር እስከ ራስ በኮባ ተጠቅልላ፣ በቃጫ ተጠፍራ፣ ከላይዋ ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር።

«አባ ዓሊዩ፣ ይቺ ጫት ናት ወይስ ወንበር?»

«ወንበር ናት።»

«ታዲያ ውሃ የረጩባት ለምንድን ነው?»

ዓሊዩ ወደ ወንበሯ ዞሮ አየ። እሱም ያየው አሁን ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ልማዱ እጁ ነው ያሰራት፤ እሱ ራሱ አጠገቡ አልነበረም።

«እነዚያ የኒውዚላንድ ፈታሾች ቅጠል ካዩ ወንበሯንም እኔንም አንድ ላይ ነው የሚያቃጥሉን» አለ ፍፁም ቃጫውን እየቆረጠ። «ጫማ ላይ ያለ አፈር እንኳ አጥበው ነው የሚያስገቡት። ትድረቅ፤ ከዚያ በመድኃኒት ታጥና፣ ማኅተም ተመትቶባት በሳጥን ትሄዳለች። ወሰኑ? በአየር ነው በባህር?»

«በባህር።»

«የልጅዎ መውለጃ እንዳይደርስ ብቻ…»

«ጻፈው። በባህር።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ለመቀመጥ ሄደና አራቱ ጉድጓዶች ላይ ቆሞ ቀረ። መሬት ላይ ተቀመጠ። መሬት ምንም አይልም።

*

መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ይህን ለእሱ ክብር ሲባል መመዝገብ ይገባል። በመጀመሪያው ጁምዓ ነጅዋ ደወለች፤ «ታጥናለች፣ ከቺሮ ተነስታለች» አላት። በሁለተኛው ደወለች፤ «ሚኤሶን አልፋለች፣ ጅቡቲ ገብታለች» አላት። በሦስተኛው ጁምዓ ዋዜማ ፍፁም ዘንድ ሄዶ ጠየቀ።

«አዲስ ነገር የለም አባ ዓሊዩ። ኮንቴይነሩ እስኪሞላ እየጠበቀች ነው። ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል።»

ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር የለም። ይህን ለነጅዋ ቢነግራት «እሺ፣ ሲኖር ንገረኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ዓሊዩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባዶ እጁን ገበያ እንደሚደርስ ነጋዴ አፈረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ስልኩ ሲጮህ ግን አንድ ነገር በአፉ መጣ።

«ካፒቴኑ የእኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። የአሰቦት ልጅ ነው።»

«የአሰቦት ልጅ መርከብ ይነዳል? አሰቦት ውሃ የታለና አባ?»

«ለዚያ ነዋ ጥሎ የሄደው።»

ነጅዋ ሳቀች። ስድስት ዓመት እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል? ጫት የነዳ ሰው መቆም አያውቅም።

በዓሊዩ ወሬ መርከቧ ተነሳች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኒውዚላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ ዋለ፤ ሞልቷል ካሉ በኋላ ራሱ ሦስት ዓሣ ትርፍ ጫነ። ካፒቴኑ ወገቡን ስለሚያመው የዑሙልኸይርን ወንበር ከሳጥን አስወጥቶ መሪው ኋላ አስቀመጣት። ባህሩ ከቦርደዴ እስከ ሚኤሶ እንዳለው ሜዳ ሆነ፤ ሙቀቱም ያው። በሰባተኛው ሳምንት መርከቧ ድንገት ቆመች።

«ምን ሆና?» አለች ነጅዋ።

«ዓሣ ነባሪ መንገዱን ዘግቶ ተኝቶ። የሚኤሶ ግመል አስፋልት ላይ እንደሚተኛው። ካፒቴኑ ክላክስ እንዳያደርግ ይሉኝታ ያዘው፤ ትልቅ ሰው ነው የተኛው።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«እስኪነቃ ጠበቁ። ሻይ አፈሉ።»

በዘጠነኛው ሳምንት የምድር ወገብ ላይ ደረሱ። ገመድ ተወጥሮበታል፤ ኬላ ነው። ተቆጣጣሪው ገብቶ ፈተሸና ወንበሯ ላይ አረፍ ሲል «ሲጥ» አለችው። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲደገፍ «ጥጥ» አለችው። ሰው ደብቃችኋል ብሎ መርከቧን አራት ቀን አሰራት።

ነጅዋ ከጁምዓ ሌላ ሰኞም መደወል ጀመረች። ዓሊዩም ሥራ ያዘ። በጠዋት ይነሳል፤ የትምህርት ቤት ካርታ ከጎረቤት ተውሶ ግድግዳው ላይ ለጥፏል፤ በጣቱ እየተከተለ ደሴት ደሴቱን ያያል። ካርታውን አይቶ ዞር ሲል ቤቱ ያው ነው። ጥሪው ሃያ ደቂቃ ነው። ሳምንቱ ግን፣ ዓሊዩ ለክቶታል፣ ከቺሮ ድሬዳዋ አንድ ሺህ ጊዜ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ደወለች። ድምጿ ደክሟል።

«ሴት ናት አባ። ሙከሚል እማዬን ትመስላለች ይላል።» ሙከሚል ባሏ ነው። «እሱ እማዬን የሚያውቃት በፎቶ ነው። እኔ ገና ማንንም አልመሰለችኝም።»

ዓሊዩ ለመናገር ሞክሮ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጠፋበት። ወንበሯ አልደረሰችም። በአየር ብትሄድ ከሦስት ወር በፊት ደርሳ ነበር። ልጁ ያለ እናቷ ወንበር ወለደች፤ እሱ ደግሞ ዓሣ ነባሪ ያስተኛል።

«ነጅዋ» አለ፣ «እኔ እኮ…»

«መርከቧስ አባ? የት ደረሰች?»

የሚናዘዝበት ቦታ ይህ ነበር። ደረቱ ላይ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ጠየቀችው።

«ማዕበል ይዟታል» አለ። «እየመጣች ነው።»

ከዚያ በኋላ ፍፁም ዘንድ መሄድ አቆመ። እውነቱን ከሰማ አዲስ ውሸት አይመጣለትም። አንድ ቀን ግን ፍፁም መናኸሪያው በር ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲሮጥ መጣ።

«አባ ዓሊዩ፣ እንኳን አገኘሁዎት፣ ወንበርዎ…»

«አትንገረኝ።»

«ኧረ ደስ የሚል…»

«ልጄ፣ በእናትህ አትንገረኝ።»

ፍፁም ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከዚያ ማዶ ምንም ጉዳይ እንደሌለው ትዝ ሲለው ተመልሶ ተሻገረ።

*

ሃያኛው ሳምንት፣ ጁምዓ፣ ሦስት ሰዓት። ዓሊዩ እንደ ልማዱ አራቱ ጉድጓዶች አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርጎ ጭኑ ላይ አኖረው።

«እሺ አባ፣ ዛሬስ የት ደረሰች?»

አፉን ከፈተ። ትላንት ያሰባት ነገር ነበረች፤ መርከቧ ነዳጅ ልትቀዳ ወረፋ ይዛለች ሊል ነበር። ከማለቱ በፊት ግን፣ ስልኩ ውስጥ፣ ነጅዋ ዝም ባለችበት፣

ሲጥ።

ዓሊዩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ሕፃኗ ስትጠባ ትንሽ ስታንጎራጉር ይሰማል። ከዚያ ነጅዋ ወደ ኋላ ተደገፈች መሰለው።

ጥጥ።

ሠላሳ ዓመት ኮላ የፈሰሰባት፣ ግራሶ የተቀባች፣ ዝም በይ ተብላ እንቢ ያለች ድምፅ ናት። በዓለም ላይ ሁለት ወንበር እንዲህ ብሎ አይናገርም። ስልኩን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። መቼ ደረሰች? ያለፈው ጁምዓ ሲያወራ ነጅዋ ቆማ ነበር ተቀምጣ? ሰኞስ? እሱ ስለ መርከቧ ሲያወራ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና «ውይ፣ ከዚያስ?» ስትል ኖራለች ማለት ነው።

«አባ? አለህ?»

«አለሁ።»

«የት ደረሰች አልኩህ እኮ።»

ድምጿ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። እንደ መሳቅም፣ እንደ መለመንም። ኒውዚላንድ መሽቷል፤ ሙከሚል የማታ ፈረቃ ነው። እሷም ቤት ውስጥ ከአንድ ከማትናገር ልጅ ጋር ነው ያለችው።

«ሞተሯ ሞቆ ቆማለች» አለ ዓሊዩ ቀስ ብሎ። «ውሃ እየጨመሩላት ነው።»

«ከባህሩ?»

«አይ፣ ካፒቴኑ የባህር ውሃ ጨው አለው፣ ሞተሯን ይበላዋል አለ። ረዳቱን ጀሪካን አስይዞ አሰቦት ልኮታል።»

«አሰቦት ውሃ የለማ አባ።»

«እሱማ ነው የሚያዘገየው።»

ነጅዋ ሳቀች፤ ስትስቅ ወንበሯም አብራት ሲጥ ጥጥ አለች፤ ሁለቱም የሰሙትን እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ካፒቴኑን አይቸኩል በለው» አለች። «የሚጠወልግ ነገር አልጫነም።»

«እነግረዋለሁ።»

«ሰኞ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቤቱ መልሶ ቤት ሆነ። ዓሊዩ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ሄደ፤ ጣቱን ከጅቡቲ አንስቶ ሰማያዊውን እየተከተለ ጫፉ ድረስ ወሰደው። ኒውዚላንድ ካርታው ጥግ ላይ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ወረቀቱ ያልቃል፣ ጭቃ ግድግዳ ይጀምራል። ጥቂት ቆሞ አሰበና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ፍፁም ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌውን ሲያይ ስልኩን ሳይነካ ጠበቀ።

«ልጄ» አለ ዓሊዩ በሩ ላይ ቆሞ። «ከኒውዚላንድ ወዲያ ባህር አለ?»

ፍፁም አየው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንበሯ በሰላም መድረሷን፣ ተቀባይዋም መፈረሟን ያውቃል።

«አለ አባ ዓሊዩ» አለ። «ብዙ ነው።»

«ስንት ወር ያስኬዳል?»

«እንደ አነዳዱ ነው» አለ ፍፁም፣ ከሦስቱ የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን እየሳበለት።

ዓሊዩ ተቀመጠ። ትንሽ ጠብቆ ወደ ኋላ ተደገፈ። ወንበሩ ምንም አላለም።